ሃምሳ መጽሐፍ ወይስ በቀን አሥር ገጽ?

(በጳጉሜ ወር ለአንድ የንባብ ክበብ አባላት ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ክረምቱ ሙልጭ ብሎ ሳይወጣ፣ በዚህ ጭቃና በዚህ ታክሲ ቤቱን ስለሞላችሁት አመሰግናለሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «በአዲሱ ዓመት ቁም ነገር ያላቸውን መጻሕፍት በእቅድ ማንበብ» የሚል ነው። ጊዜውን የጠበቀ ርዕስ ነው። ጳጉሜ ላይ ሁላችንም እቅድ አውጪ ነን። ሲጋራ የሚያቆም አለ። ጂም የሚመዘገብ አለ። እንግሊዝኛዬን አሻሽላለሁ የሚል አለ። «ዘንድሮስ ማንበብ አለብኝ» የሚለው ደግሞ ከሁሉም ይበዛል። ጥቅምት ላይ ብታገኙት ግን ወሬ ይቀይራል። (ሳቅ)

ስለዚህ ዛሬ ንባብ ስለሚሰጠው ጥቅም አልሰብክም። ዝናብ እየመታው እዚህ የመጣ ሰው እሱን ያውቀዋል። የማወራው ስለ እቅዱ አወጣጥ ብቻ ነው። ሐሳቤም አንድ ነው፦ የንባብ እቅዳችሁን በመጽሐፍ ብዛት አታውጡ፤ በዕለት ድርሻ አውጡ።

ምን ማለቴ ነው? በየዓመቱ መጀመሪያ ሰዎች ገጻቸው ላይ «በዚህ ዓመት 50 መጽሐፍ» ብለው ይለጥፋሉ። እኔም ብዙ ጊዜ አይቼ ቀንቻለሁ። አንድ ዓመት ግን 52 ሳምንት ነው። 50 መጽሐፍ ማለት በየሳምንቱ አንድ መጽሐፍ መጨረስ ማለት ነው። ሥራ ያለበት፣ ልጅ ያለበት፣ የታክሲ ሰልፍ፣ ለቅሶና ሠርግ ያለበት ሰው በሳምንት አንድ መጽሐፍ እንዴት ይጨርሳል? አንድ መላ ብቻ አለው። ቀጭን መጽሐፍ መምረጥ።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው የተነሳው ትልልቆቹን መጻሕፍት ሊያነብ ነበር። ቁጥሩ ግን ቀስ ብሎ መራጭ ይሆንበታል። መደርደሪያው ላይ በአንድ በኩል የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» አለ፤ ከ500 ገጽ በላይ ነው። በሌላ በኩል «በ30 ቀን ሀብታም ሁን» የሚል ዓይነት የ100 ገጽ መጽሐፍ አለ። በእሱ ቆጠራ ሁለቱም እኩል አንድ አንድ ናቸው። ኅዳር ላይ ከእቅዱ ወደኋላ ሲቀር እጁ ወደ የትኛው እንደሚሄድ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ዓመቱ ሲያልቅ ቁጥሩ ይሞላ ይሆናል። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን እዚያው መደርደሪያው ላይ አቧራ ይጠጣሉ።

በድርሻ ማንበብ የምላችሁ ነገር አዲስ አይደለም። ከቤታችን ነው ያገኘሁት። ዳዊት የሚደግሙ እናት ወይም አባት ያሏችሁ ታውቁታላችሁ። 150ው መዝሙር ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሏል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ይሄዳል። ሰኔም ሆነ ጥር፣ የሰኞው የሰኞ ነው። ውዳሴ ማርያምም እንዲሁ በየዕለቱ ተከፍሏል። የቅዱሳንን ታሪክ የያዘውን ስንክሳር ካያችሁት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ለእያንዳንዱ ቀን የሚነበብ አለው፤ ጳጉሜም አልተረሳችም። ሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድም ቁርኣን በ30 ጁዝእ ተከፍሏል። በረመዳን በቀን አንድ ጁዝእ እያለ ወሩ ሲያልቅ የሚያኸትመው ሰው ቁጥር ስፍር የለውም። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ሥራ የማይበዛበት፣ የማይደክመው ማን አለ? ነጋዴ አለ፣ ገበሬ አለ፣ ስምንት ልጅ ያሳደገች እናት አለች። ግን የዕለቱ ድርሻ ይታወቃል። «ዛሬ ምን ላንብብ?» የሚል ጥያቄ የለም፤ «ዘንድሮ ስንት ጨረስክ?» የሚልም የለም።

በእርግጥ ጸሎትና ልብ ወለድ አንድ ናቸው አላልኩም። ቄስ የሆነ ሰው እዚህ ካለ እንዳይቆጣኝ። (ሳቅ) እኔ የምዋሰው አከፋፈሉን ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። በቀን 10 ገጽ እንበል። ለአብዛኛው ሰው ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በ365 ቀን 3,650 ገጽ ይሆናል። መስከረም 1 ቀን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የከፈተ ሰው ጥቅምት ሳያልቅ ይዘጋዋል። ስንት ዓመት ሙሉ «አንድ ቀን አነበዋለሁ» ስንለው የኖርነው መጽሐፍ ሁለት ወር አይፈጅም።

ግን እባካችሁ 3,650ውን በሙሉ አታቅዱት። 2,500 ገጽ ብቻ ያዙ። የቀረውን ለሕመም፣ ለእንግዳ፣ ለመብራት መጥፋት፣ ለስንፍናም ጭምር ተዉት። ያመለጠ ቀን ደግሞ አይካካስ። ትናንት ስላላነበብኩ ዛሬ 20፣ ነገ 30 የሚል ሰው በአራተኛው ቀን መጽሐፉን ሲያይ አበዳሪውን ያየ ይመስለዋል። ዳዊት ደጋሚው ሰኞ ካመለጠው ማክሰኞ የማክሰኞውን ነው የሚለው። እናንተም ካቆማችሁበት ገጽ ዛሬ አሥር ብላችሁ ቀጥሉ። 2,500 ገጽ ደህና ወፍራም የሆኑ ስድስት ሰባት መጻሕፍት ይሆናል። ትንሽ መሰላችሁ? ባለፉት አምስት ዓመታት ስንት ትልቅ መጽሐፍ ጨረሳችሁ? ጮክ ብላችሁ አትመልሱልኝ።

ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም የጀመረው ሰው ብዙ ነው፤ የጨረሰው ግን እንደሚወራው አይደለም። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ነው የታተመው። ሁላችንም የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር እንደሆነ ሰምተን እንገባለን። ስንገባ ግን ሰብለ የለችም። በዛብህም ገና አልተወለደም። የምናገኘው ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን ነው፤ የበዛብህን አባትና እናት። ጎጃም፣ ማንኩሳ። ገበሬው፣ ጎረቤቱ፣ ጋብቻው፣ ስለቱ። የፍቅር ታሪክ ፈልጎ የመጣው አንባቢ «ልጅቷ የታለች?» እያለ ገጽ ያገላብጣል። ከዚያ ይዘጋዋል።

ይህ አጀማመር የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ነው። አያስቸኩልም፣ ያለሱም ወጡ ወጥ አይሆንም። በዛብህ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ ነው። ወላጆቹን ቀርበን ካላወቅናቸው ያ ስለት አይከብደንም። ስለቱ ካልከበደን ደግሞ በኋላ በአባቷ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሰብለን ሊያስተምር ሲገባ የሚይዘው ጭንቀት ተራ የወጣት መሽኮርመም ይመስለናል። ሰው እንደ እብድ የሚያየው የጉዱ ካሳ ንግግርም እንዲሁ ነው። ያን ሁሉ ሥርዓት፣ ባላባቱንና ጭሰኛውን፣ ዘር ቆጠራውን በዓይናችን ካየን በኋላ ነው የሰውየው «እብደት» ምን ያህል ጤነኛ እንደሆነ የሚገባን። በቀን አሥር ገጽ የሚሄድ ሰው ይህን አጀማመር ይችለዋል። በሳምንት ልጨርሰው ያለ ሰው ግን ይናደድበታል። መጽሐፉ ላይ የሚወራው «ረጅም ነው» የሚል ሐሜት ግማሹ ከመቸኮል የመጣ ይመስለኛል።

የቤተ ክህነቱና የጎጃም ቃላት ከከበዷችሁ ደግሞ በየቃሉ አትቁሙ። እርሳስ ያዙ፣ ምልክት አድርጉና እለፉ። አብዛኛው ሁለት ገጽ ሳትሄዱ ራሱ ይገለጥላችኋል። የቀረውን ለአያታችሁ ደውሉ። ደስ ይላቸዋል።

«ማዳመጥስ ይቆጠራል ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ይቆጠራል! ይህንን መጽሐፍ ወደ ገጠሩም ወደ ከተማውም ያስገባው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ትረካ ነው። ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ጉዱ ካሳን በስሙ ያውቁታል፤ በወጋየሁ ድምፅ። ዛሬም አሜሪካ ረጅም መንገድ ትራክ የሚነዳ ወንድማችን፣ ቤይሩት ወጥ ቤት ቆማ የምትውል እህታችን ጆሮ እንጂ ዓይን ነፃ የላቸውም። ለእነሱ የዕለት ድርሻው ግማሽ ሰዓት ትረካ ነው። የእኔ አስተያየት ግን አንድ ጭማሪ አለው። ትረካውን የሰማችሁት መጽሐፍ ካለ፣ ጊዜ ስታገኙ በዓይናችሁም ሂዱበት። ተራኪው የት መቆም እንዳለባችሁ እሱ ይወስንላችኋል። ወረቀቱ ላይ የምትቆሙት ራሳችሁ ናችሁ።

አሁን ወደ ውጭ አገር መጻሕፍት ልውሰዳችሁ። በእንግሊዝኛ ለምታነቡ አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። የቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም» ሲባል ሰው የሚያስበው ጡብ የሚያህል ከ1,000 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ነው። ትክክል ነው። ግን ውስጡ በ361 አጫጭር ምዕራፎች የተከፈለ ነው። አብዛኞቹ አራት አምስት ገጽ ቢሆኑ ነው። በቀን አንድ ምዕራፍ እያሉ ዓመቱን ሙሉ የሚያነቡት ሰዎች በየአገሩ አሉ። አሁን የእኛን ቀን መቁጠሪያ አምጡት። 12 ወር፣ እያንዳንዱ 30 ቀን፣ በድምሩ 360። መስከረም 1 ቀን አንደኛውን ምዕራፍ ብትጀምሩ ነሐሴ 30 ቀን 360ኛው ላይ ናችሁ። የመጨረሻው ምዕራፍ ጳጉሜ 1 ይውላል። ቶልስቶይ ስለ እኛ ቀን መቁጠሪያ ያሰበ አይመስለኝም። (ሳቅ) ግን ከፈረንጆቹ ይልቅ ለእኛ ይመቻል፤ የወሩን ቀን ካወቃችሁ ምዕራፉ አይጠፋችሁም።

ለዚህኛው መጽሐፍ አንድ ምክር። የሩሲያ ሰው ሦስት ዓይነት ስም አለው፤ የራሱ፣ የአባቱ፣ የቤተሰቡ። በቁልምጫ ደግሞ ሌላ። ሀምሳ ገጽ ሳትሄዱ ማን ማን እንደሆነ ይምታታባችኋል። ዕልባት ያደረጋችሁት ወረቀት ላይ ስማቸውን ጻፉ። ማን የማን ልጅ፣ ማን የማን እጮኛ። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ግን ብዙ ሰው መጽሐፉን ጥሎ የሚሄደው እዚያ ጋ ነው።

ስለ ወፍራም መጽሐፍ ካነሳን የገጣሚውን የነቢይ መኮንንን ነገር ሳላወራ አላልፍም። ነቢይ በደርግ ዘመን ታስሮ ነበር። እስር ቤት ውስጥ የማርጋሬት ሚቸል «ነፋስ ይዞት ሄደ» የምንለው፣ ያ ከ1,000 ገጽ በላይ የሆነ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ እስረኞቹ እጅ ይገባል። መጽሐፉ አንድ፣ ፈላጊው ብዙ። እንግሊዝኛ የማያነበውም ታሪኩን ይፈልጋል። ነቢይ እየተረጎመ ያነብላቸው ጀመር። ትርጉሙን የሚጽፈው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነበር፤ ሌላ ወረቀት ከየት ይመጣል? ያ ሁሉ ቁርጥራጭ ወረቀት በየሰዉ እጅ ተደብቆ ወጣ። በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ፤ ዛሬ በየመጽሐፍ መደብሩ አለ።

ይህን የማወራው «እነሱ በእስር ቤት አነበቡ፣ እናንተ ሶፋ ላይ ሆናችሁ አቃታችሁ» ብዬ ላሳፍራችሁ አይደለም። እንደሱ ዓይነት ወቀሳ አልወድም። እኔን የሚማርከኝ አነባበባቸው ነው። ያቺ ክፍል አንድ መጽሐፍ ነበራት። ማንም «ቀጣዩ ምንድነው?» አላለም። ሁሉም ዛሬ የተተረጎመውን ይሰማል፤ የባለታሪኳ የስካርሌት ነገር ምን ደረሰ ብሎ ይከራከራል፤ ነገን ይጠብቃል። አንድ መጽሐፍ በዚያ መንገድ ሲነበብ ከሰው ጋር ይኖራል።

እንግዲህ ምን እንምረጥ? ዝርዝር አልሰጣችሁም። ዝርዝር የሰጠኋችሁ እንደሆነ የእኔን መጻሕፍት ታነባላችሁ። ስለ አመራረጥ ግን የማምንበትን ልናገር።

ከባድ ማለት ወፍራም ማለት አይደለም። የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ውሰዱ። እሳቸው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመ ቀጭን መጽሐፍ ነው። ስለ ሀብት፣ ስለ ንግድ፣ ዕውቀት ያለው ሕዝብ ዕውቀት ከሌለው ጋር ሲገበያይ ማን እንደሚጎዳ ያስረዳሉ። ከመቶ ዓመት በፊት ነው ይህን በአማርኛ የጻፉት። በመጽሐፍ ብዛት ለሚቆጥር ሰው የሁለት ቀን ሥራ ይመስላል። እንደዚያ የሄደበት ሰው ግን ምንም አላነበበም። እዚህ ላይ አሥር ገጽም ይበዛል። ሦስት ገጽ አንብባችሁ ዕቃ ስትገዙ፣ ዶላር ጨመረ ሲባል ስትሰሙ አስቡት። እኔ ብሆን ለዓቢይ ጾም ነበር የማቆየው። 55 ቀን አለ፤ ሰውም ቀዝቀዝ ይላል።

ደግሞ ቁም ነገር ያለው ሁሉ ፊት የሚያስቋጥር አይደለም። የመንግሥቱ ለማን ተውኔቶች አንብቡ። «ጠልፎ በኪሴ»ን፣ «ያላቻ ጋብቻ»ን። እየሳቃችሁ ነው የምትጨርሷቸው። ሁለቱም ከማንኛውም ጥራዝ እኩል የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ምሰሶዎች ናቸው። የማዝነው፣ ተውኔት ማንበብ ስለተውን ነው። ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ካለ ድርሻ ተከፋፍላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ልጆች ካሉ ደግሞ የበለጠ ይደምቃል።

ከከባዱ ቀጥሎ የሚሮጥ ያዙ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የሚሮጥ መጽሐፍ ነው። በ1975 ዓ.ም. ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። በ1976 ደራሲው ራሱ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ሰው መጽሐፉን ደብቆ፣ ተዋውሶ አነበበው። ዛሬ ማንም አይከለክላችሁም። አሥር ገጽ ብላችሁ ብትጀምሩ አርባ ታደርሳላችሁ፤ አትቆጣጠሩት፣ ይሂድ። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ደግሞ ተቃራኒው ነው። ንግግሩ ብዙ ነው፣ ታሪኩ እጅ ይዞ አይመራም። ለእሱ 100 ገጽ ስጡት። ከዚያ በኋላ ካልሆነላችሁ ዝጉትና ለከርሞ አቆዩት። መጽሐፍ መተው ኃጢአት አይደለም። ሃያ ገጽ ሳይሄዱ መተው ግን ደራሲውን ሰላም ሳይሉ ማለፍ ይመስለኛል።

ስለ ዋጋ ማንሳት አለብኝ፤ ካላነሳሁ በጥያቄ ሰዓት ትይዙኛላችሁ። መጽሐፍ ተወድዷል። ወረቀት ተወድዷል፣ ሕትመት ተወድዷል። በዓመት 50 መጽሐፍ የሚለው እቅድ ለብዙ ኪስ በዚህም በኩል የማይቻል ነው። ስድስት ሰባት መጽሐፍ ግን ይቻላል። ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት አለ። 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ገብቶ ለመቀመጥ ብር አይጠየቅም። አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ልጆች አሉ፤ ከእነሱ ጋር ወዳጅ ብትሆኑ የምትፈልጉትን ፈልገው ይይዙላችኋል። ለሁለት ለሦስት ሆኖ መግዛትም አለ።

ቴሌግራም ላይ በነፃ የሚዞረውን ፒዲኤፍ በተመለከተ ደስ የሚል ነገር አልነግራችሁም። ደራሲው በሕይወት ካለ ከአፉ የተነጠቀ እንጀራ ነው። ሌላም ጉዳት አለው። ስልካችሁ ላይ 2,000 መጽሐፍ ካለ አንዱን መክፈት ይከብዳል። ሦስተኛው ገጽ ላይ «ያኛው ይሻል ይሆን?» ትላላችሁ። በዚያ ላይ መልእክት ይገባል። አሥሯን ገጽ ስታነቡ ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን። ዓለም ግማሽ ሰዓት ያለ እናንተ ትቆያለች።

ሰዓቱን በተመለከተ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ያውቃል። ሌሊት የሚሆንለት አለ፣ ከምሳ በኋላ የሚሆንለት አለ። እኔ የማምነው ከሌላ ነገር ጋር የታሰረ ሰዓት እንደሚጸና ነው። የጠዋት ቡና ሲፈላ፣ ልጆቹ እንደተኙ፣ የቢሮ ሰርቪስ ላይ እንደተቀመጣችሁ። «ጊዜ ሳገኝ» የተባለ ሰዓት ግን አይመጣም።

ከአዘጋጆቹ ጋር የተስማማነውን ልንገራችሁና ላብቃ። ፈቃደኛ የሆናችሁ ሁሉ መስከረም 1 ቀን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አብረን እንከፍታለን። ከዚህ በፊት ያነበባችሁም ግቡ፤ በ18 ዓመት የተነበበውና በ40 ዓመት የሚነበበው አንድ ዓይነት አይሆንም። በቀን አሥር ገጽ። መስከረም 30 እዚሁ ተገናኝተን እስከ ገጽ 300 ባለው እንወያያለን። 180 ላይ የቀረም ይምጣ፤ እስከዚያው ባነበበው ያወራል። ከ300 ያለፈ ሰው ግን ቀጥሎ የሚሆነውን እንዳይነግረን አደራ። ርዕሱ ራሱ ከነገረን በላይ አንፈልግም። (ሳቅ) ለጉዱ ካሳ ሌላ ሙሉ ምሽት ተይዟል።

አሁን ማይክራፎኑ ወደ እናንተ ይዙር። ከኋላ ያሉት እናታችን እጃቸውን ካወጡ ቆይተዋል፤ ከእሳቸው እንጀምር።